ከጃንጥላ ሽቦ የተሠራው የትምባሆ መስኪያ

ትምባሆ አምራቹ ሽማግሌ የማድረቂያ ቤታቸውን በር ቆልፈው ዘወር ሲሉ ከምራታቸው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ እሷ ግን የተሰበረ ጃንጥላ በብብቷ ሸጉጣለች። አስተማሪ በሥራ ቀን እዚህ ምን አመጣት ብለው ጠረጠሩ። ልጃቸው ከወር በፊት "ማድረቂያው ተሽጦ እኛ ዘንድ ይረፉ" ካላቸው ወዲህ ዘመድ ሁሉ ሰላይ መስሎ ይታያቸዋል። ያበጡ ጣቶቻቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"ደህና ዋሉ፣ አባባ?"

"ደህና። እሱ ነው የላከሽ?"

"መጀመሪያ ማድረቂያውን ያሳዩኝ።"

እያጉረመረሙ ከፈቱላት። የተለቀመው ቅጠል መሬት ላይ ተከምሮ ከሥሩ መሞቅ ጀምሯል፤ የተሰቀለው ጥቂት ነው። ምራታቸው ቅጠል የተሰካበትን አንዱን ሲባጎ አውርዳ መሐሉን ፈልቀቅ ብታደርገው ግራጫ ሻጋታ ታየ።

"ጎረቤቴ ነው። በጣሪያው ቀዳዳ ውሃ ይረጭብኛል" አሉ ሽማግሌው።

"ዳር ያሉት ቅጠሎች እኮ ደረቅ ናቸው። ተጠጋግተው ስለተሰኩ መሐሉ አየር አጥቶ ነው።"

"ሲባጎ ልቆጥብ ብዬ ነዋ። ሠላሳ ዓመት የሰካሁት እንዲሁ ነው።"

"ሠላሳውንም ዓመት ሻጋታ ሲጥሉ አይደል የኖሩት?"

ነገሩ እውነት ነበር። ሽማግሌው በየዓመቱ ሻጋታ ይጥላሉ፣ በየዓመቱም ጥፋተኛ አያጡም፤ አንዴ አይጥ፣ አንዴ ጭጋግ፣ ዘንድሮ ደግሞ ጎረቤት። መሐሉን ፈልቅቆ ማየት ግን አስበውት አያውቁም።

ምራታቸው ከጃንጥላው አንድ ሽቦ ነቀለች፤ ጫፉ ላይ ጨርቁ የሚታሰርበት ቀዳዳ አለው። ሌላውን ጫፍ በድንጋይ አሹላ፣ ቀዳዳ ያለውን ጫፍ ጉማጅ እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ሰክታ ሹሉ ወደ ላይ እንዲሆን አቆመችው።

"መርፌ መች አጣሁ?" አሉ።

"መርፌ በጣት ይያዛል። እዚህ ላይ ግን የቅጠሉን አገዳ በሁለት መዳፍዎ ይዘው ወደ ታች መጫን ብቻ ነው። ሲሞላ ሽቦውን ነቅለን በቀዳዳው ሲባጎ እናስገባና ቅጠሉን እናሻግረዋለን፤ በየሁለት ቅጠሉ የጣት ስፋት እየተውን።"

ጣቶቼን አይታለች ማለት ነው ብለው ተናደዱ። የመጀመሪያው ቅጠል ሲቀደድባቸው ደስ ያላቸው መሰሉ። ሁለተኛው ገባ፣ ሦስተኛውም። ሽቦው ሲሞላ ሌላ ክምር ወደ ራሳቸው ሳቡ።

"አሁን እውነቱን ንገሪኝ።"

"አዎ፣ እሱ ነው የላከኝ። 'እጃቸው ይታዘዝላቸው እንደሆነ አይተሽ ነይ' አለኝ።"

ጥርጣሬያቸው ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ልክ መሆኑ ግን አላስደሰታቸውም።

"እና ምን ልትይው ነው?"

"ሥራው ጣት አያሳምም፤ ክምሩ ሳይሞቅ ይሰቀላል፤ ትንሽ ሲባጎ ቢበዛም ብዙ ቅጠል ከመጣል ይተርፋል፤ ከጎረቤትም አያጣላም እለዋለሁ።"

ሽማግሌው አንድ ቅጠል ጫኑና አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ለእሱም አንድ ሥሪለት። እሁድ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ይስካ። ከቀደመኝ ማድረቂያውን ይሽጠው።"

ምራታቸው ሁለተኛውን ሽቦ መንቀል ጀመረች።