በምሳ ከረጢት መልስ ያመላለሱት የወይዘሮ ኢርማ ኒስካነን ዜና ሕይወት

በዚህ ብርድ ከየቤታችሁ ወጥታችሁ ወይዘሮ ኢርማን ልትሸኙ የመጣችሁ ወገኖች ሁሉ፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ።

ወይዘሮ ኢርማ ኒስካነን ከአባታቸው ከእንጨት ቆራጩ ከአቶ ኤሜል ሳልሚና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂልያ በሱፐሪየር ሐይቅ ዳር፣ በፖርት አርተር፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1941 ተወለዱ። በዚያ ቀን በረዶው በሩን ደፍኖት ስለ ነበር አዋላጇ በመስኮት ገቡ ይባላል፤ በጭስ ማውጫው ነው የሚሉም አሉ፤ የሚያስታርቅ የዓይን ምስክር ግን አልተረፈም። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው በስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀጠሩና፣ የከተማውን ምስጢር ሁሉ እየሰሙ አንዱንም ሳያወጡ ሃያ አምስት ዓመት አገለገሉ። ከእህል ጎተራ ሠራተኛው ከአቶ ቶይቮ ኒስካነን ጋር በ1963 ጋብቻ መሥርተው ካይሳንና ራይኖን አፈሩ።

ባለቤታቸው ከተለዩአቸው በኋላ ቤት መዋል ቢያስጠላቸው፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ትኩስ ምሳ በየቤቱ በሚያደርስ የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ገቡ። ይሁንና ምሳ የሚወስዱላቸው ሰዎች አንድ በአንድ ያልፉ ነበርና፣ በአሥራ አንደኛው ዓመት የሚያንኳኩት በር ሁሉ የመቃብር ደጃፍ መስሎ ታያቸው። መኪናቸው ከእርሳቸው ብሳ ታስላለች፤ ጉልበታቸው ከመኪናዋ ብሶ ይንቋቋል። የስንብት ደብዳቤያቸውን ጽፈው በካፖርታቸው ኪስ ያዙ።

በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤት ሕፃናት በምሳ ከረጢቶቹ ላይ ሥዕል እንዲሥሉ ተደረገ። ወይዘሮ ኢርማ ነገሩን አልወደዱትም፤ ቀለሙ ጓንታቸውን ያበላሽ ነበር። የቀድሞው አዳኝ አቶ አርቪድ ሳንድቤሪ ግን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በራቸውን በስንዝር ከፍተው ምሳውን ከመንጠቅ በቀር ቃል ተንፍሰው የማያውቁት፣ ግድግዳቸው ከእርሳቸው ይልቅ ተጫዋች የነበረው፣ አንድ ማክሰኞ ባዶውን ከረጢት መለሱላቸው። የሰባት ዓመቷ ኦዴት የሣለቻት፣ ግልገሏን የምታጠባ፣ ዋርካ የሚያህል ቀንድ ያበቀለች ሙስ፣ ያ የጫካችን ግዙፍ አጋዘን፣ ነበረችበት። ከሥሯ በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈት፣ «ሴት ሙስ ቀንድ የላትም» የሚል ተጽፏል።

ወይዘሮ ኢርማ እያጉረመረሙ ከረጢቱን ለልጅቱ ወሰዱላት። ሐሙስ ዕለት በአዲስ ከረጢት ላይ ያችው ሙስ ቀንዷ እጥፍ ሆኖ መጣች፤ «ይቺኛዋ ግን አላት። አባባ ሁሉንም አይተዋል እንዴ?» ከሚል ጽሑፍ ጋር።

አቶ አርቪድ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ይጠብቁ ነበር።

«ምን አለች?» አሉ።

አንብበውም፣ «ባለጌ ናት፤ ኢርማ፣ ቁሚ፤ መልስ አላት» ብለው ሾርባቸው እስኪቀዘቅዝ ጻፉ።

ሊሰናበቱ መሆናቸውን የሰሙት የማኅበሩ ኃላፊ የዚያን ዕለት ደብዳቤውን ቢጠይቋቸው፣ «ሰኞ የማደርሰው መልስ አለ፤ እስቲ እሱን ልጨርስ» አሉ። ሳይጨርሱት ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ወሬው ተዛምቶ በየበሩ ከረጢት ይዞ የሚጠብቅ ሽማግሌ በዛ፤ የዓሣ ክንፍ የሚያርም፣ የመርከብ ምሰሶ የሚጨምር፣ ዝም ብሎ «ጎበዝ» የሚል። ድካሙ አልለቀቃቸውም፤ አሁን ግን የሚደክሙለትን ያውቁ ነበር።

አቶ አርቪድ ከሁለት ክረምት በኋላ ሲያርፉ የመጨረሻው ከረጢታቸው፣ «ሃምሳ ዓመት አድኛለሁ፤ ሁሉንም ግን አላየሁም። ምናልባት አንዷ ይኖራታል» ይል ነበር። ወይዘሮ ኢርማ ከቀብር መልስ ለኦዴት ያንን አደረሱ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ምክንያት ሐኪሞች ዕረፉ ቢሏቸውም ምሳ ማድረሱን አልተዉም፤ በመጨረሻም ስድስት ቀን ብቻ ተኝተው፣ በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

ልጆቻቸው ካይሳና ራይኖ፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ሠላሳ ስምንት በር ከኋላቸው ቀርተዋል። በመኪናቸው ወንበር ላይ ሳይደርሱ የቀሩ አራት ከረጢቶች ተገኝተው ነበር፤ ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ኦዴት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ተቀብላቸዋለችና፣ ከዚህ ስንበተን ታደርሳቸዋለች።

አምላክ ሆይ፣ ብዙ ደጅ ቆመው የጠበቁትን እኚህን ሴት አንተ ደጅ አታቁማቸው፤ ገብተው ይቀመጡ። አሜን።