አንጓች ያጠበችው ጠርሙስ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ ቅጣት ማለት ወህኒ ነው፤ ሌላ ቅጣት አናውቅም። «እገሌ ተቀጣ» ከተባለ ስንቅ ይቋጠርለታል፣ አለቀ። እና አንዲት የገቢዎች መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ልጅ ዳባት ከሱቃችን ገብታ «አባባ፣ ይህ ቅጣት አለው» ስትለኝ ወህኒ የምትወስደን መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ አንጓች ጨው፣ ሳሙና፣ ጥቂት ጠርሙስም የፋብሪካ አረቄ እንሸጣለን። ታዲያ ለማርያም ዝክር እንግዳ ይመጣል ብላ፣ አንጓች ጠርሙሱን ሁሉ ከመደርደሪያው አውርዳ አሽታ አጠበችው። አቤት ሲያብረቀርቅ! ለካ ከክዳኑ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ወረቀት አለች፤ የኤክሳይስ ቴምብር ይሏታል፣ ግብሩ ተከፍሏል የምትለው እሷ ናት። እሷም አብራ ታጥባ ሄዳለች።

ልጅቱ ጠርሙሱን እያገላበጠች «ቴምብሩ የታለ?» ትላለች።

«ታጠበ» አልኋት።

«ማነው ያጠበው?»

እንግዲህ ስሙኝ፤ አንጓች አጠገቤ ቆማለች፣ ወገቧን ያማታል፣ ወህኒ ሲሚንቶ ላይ ልትተኛ ነው። እና «እኔ ነኝ ያጠብሁት» አልሁ።

ከበር የቆመው ጎረቤቴ ሞላ ሳቁ አመለጠውና «እሳቸው? እሳቸው እንኳን ጠርሙስ እግራቸውንም ራሳቸው አጥበው አያውቁ!» አይል መሰላችሁ! «አንተን ማን ለምስክርነት ጠራህ?» አልሁት።

ታዲያ ልጅቱ ብልህ ናት፤ «እሺ አባባ፣ በምን አጠቡት?» አለችኝ።

«በውሃ ነዋ።»

«ውሃ ብቻውን ሙጫ ያስለቅቃል?»

ጨነቀኝ። «በእንዶድ» አልሁ።

ይኸን ጊዜ አንጓች አልቻለችም። «ኧረ ወዲያ! እንዶድ ለጋቢ እንጂ ለጠርሙስ ነው እንዴ! በሙቅ ውሃና በአመድ እኔ ነኝ ያጠብሁት፣ በእነዚህ እጆቼ! ልጄ፣ እኔን ውሰጅኝ፤ እሱ ብርድ አይችልም።»

«እኔ እያለሁ የት ትሄጃለሽ? ጋቢዬን አምጭልኝ!» አልኋት።

«ጋቢውን ለእኔ ተው፣ አንተ ሰውዬ!»

ጋቢውን ስንጓተት ልጅቱ «እማማ! አባባ! ኧረ በማርያም!» ብላ ጮኸች። «ማንንም አልወስድም። አስተዳደራዊ ቅጣት ነው፣ እስር የለውም። ጠርሙሱ ይወረሳል፣ ቅጣቱ ይከፈላል፣ እናንተ ቤታችሁ ታድራላችሁ።»

«ሁለታችንም?»

«ሁለታችሁም።»

አንጓች እዚያው የጨው ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም ዓይኔን አቧራ ገባው መሰለኝ። ልጅቱም አሳዝነናት ነው መሰል፣ ቅጣቱ እንዲቀልልን ማመልከቻ የት እንደሚገባ አሳየችን፤ ቀለለልን፣ የቀረውን የነበረንን አንድ በግ ሸጠን ከፈልን። ከብዶን ነበር፣ አልዋሽም። ግን እንዲያው እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውን ከሰው የማይለይ ቅጣት ደግ ቅጣት ነው።

የመንግሥቱስ ቅጣት አለቀ። የአንጓች ነው የማያልቀው። በማግሥቱ ምሳ በልቼ ልነሳ ስል ሳህኑን ከፊቴ አኖረችና «በመንግሥት ፊት አጣቢ ነኝ ብለህ የለ? በል እንግዲህ!» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሃ ሃ ሃ!

አባባ ይህን ሲያጫውቱን «ድስቱ ገና ጥቁር ነው!» አሉ እማማ አንጓች ከጓዳ። «ወሬህን ትተህ ፈግፍገው!»