ከቀኝ የሚጀምር መስመር

— ሄሎ? … አቤት፣ እናቷ ነኝ። … ርዕሰ መምህሩ? እንደምን ዋሉ። … አዎ፣ ፈተናዋን አይቼዋለሁ፤ ከአስራ ሁለት ዜሮ። … ምን? ከሦስተኛ ክፍል ወደ አንደኛ ትመለስ?

እስካሁን ድምጿን ይዛ ነበር። ይህን ስትሰማ ግን ደሟ ፈላ፤ ልትቀመጥበት የሳበችውን ወንበር ረስታ እንደ ቆመች ቀረች።

— ቁጥር አታውቅም ያለው ማነው? … መምህርቷ አስራ አንድ ሳንቲሜትር ባዶ መስመር አስምራ «ከዜሮ እስከ አስራ አንድ ያሉትን ቁጥሮች በየቦታቸው አስቀምጡ» አለች። ከየት ጀምሩ አላለችም! … «ማንም ያውቀዋል»? ማንም ማለት ማን ነው? … ሄሎ? ይሰሙኛል? … ልጄ ፊደል የቆጠረችው ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበብ መጽሐፍ ነው። ዓይኗ ከቀኝ ይነሳል፤ በጭንቅላቷ ያለው ቁጥርም ከዚያው ይነሳል። የእርስዎ ከግራ የሚነሳው ከግራ ማንበብ ስለለመዱ እንጂ ከሰማይ ስለወረደ አይደለም!

ወደ በሩ ዞር አለች።

— ድንቡሼ፣ እዚያ ቆመሽ አትስሚ። ምንም አላጠፋሽም፤ ሂጂ ተጫወቺ … አይ፣ ለልጄ ነው። … አልጮህኩም። ገና አልጮህኩም! … ወረቀቷ እጅዎ ላይ ነው? ማስመሪያስ? … ይፈልጉ እንጂ! ትምህርት ቤት ውስጥ ማስመሪያ ከጠፋማ አንደኛ ክፍል መግባት ያለባት ልጄ አይደለችም። … እሺ፣ ከመስመሩ ቀኝ ጫፍ ይለኩ። ሁለትን የት አስቀመጠችው? … ሁለት ሳንቲሜትር ላይ። ስምንትንስ? … ጮክ ይበሉ፣ አልሰማሁም። … ስምንት! ያለ ማስመሪያ፣ በዓይኗ ብቻ! …

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

— እህ። ሦስተኛ ክፍል ትቆያለች፤ ጥሩ። መምህርቷ ደግሞ ሰኞ ልጆቹ ፊት ነጥቧን ትመልስላት። «ደደብ» ያለቻት እነሱው ፊት ነው። … አዎ፣ ይጻፉት። … ምን አሉ? … ያስተማራትማ አባቷ ነው። … ከቀኝ ማስተማሩን እንዲያቆም ልንገረው?

መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቶቿን አየቻቸው።

— አቁሟል። … አይ፣ እኔ ነግሬው አይደለም። ሞቶ ነው፤ ሰባት ወሩ። … ይቅርታው አያስፈልግም። … አያስፈልግም አልኩ እኮ። እርስዎ የሰኞውን አይርሱ። ደህና ይዋሉ።

ዘጋችው።