ለአንዲት ቆርቆሮ ወተት የቆምኩት ወረፋ

ግባ፣ ግባ፣ በሩን ግን ዝጋው፣ ሙቀቱን አዝለህ ነው እንዴ የመጣኸው? ተጠጋና ተቀመጥ፤ ጨዋታው ብዙ አልራቀም፣ ገና ሱቁ በር ላይ ነን። እሺ፣ ላንተ ስል ከላይ ልጀምረው።

በእኛማ ቀን፣ ልጆች… ምን ያስቃችኋል? ጢሙ በደንብ ያልወጣ ሰው «በእኛ ቀን» አይልም ያለው ማነው? ጅቡቲ ላይ አንድ በጋ የጨረሰ ሰው ሽማግሌ ነው፣ ተዉኝ። በእኛማ ቀን ረዳትነት በልመና ነበር። እኔ ያን ጊዜ ከከተማው ዳር፣ ባልባላ ሰፈር እኖራለሁ፣ ቀን ቀን ጭነት አወርዳለሁ፣ ጆንያ ተሸክሜ ተሸክሜ ጀርባዬ ራሱ ጆንያ ሆኗል። ትምህርቱን እንደሆነ ገና ድሮ ትቼዋለሁ፣ እሱም ትቶኛል። እና የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የከባድ መኪና ጋቢና። ከዚህ ምድጃ የሚያወጣኝ እሱ ነው።

ታዲያ ጋሽ ተፈራ የሚባል የተሳቢ ሹፌር አለ፣ ረዳቱ ጥሎት የጠፋ። አንድ ቀን ጠዋት ባልባላ የመኪና ማቆሚያው ጋ ጠራኝና፣

«ስማ አንተ» አለኝ፣ «ባለቤቴ ድሬዳዋ ወልዳለች፣ ጡቷ ወተት እምቢ አለ። መሃል ከተማ ትልቁ ሱቅ ያለችውን የቆርቆሮ ወተት ገዝተህ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ና። ከደረስክ የረዳቱ ወንበር ያንተ ነው። ካልደረስክ አልጠብቅም። እዚህ ረዳት እንደ ዝንብ ነው፣ እጄን ባወናጭፍ አሥር ይነሳል።»

ሰባት ሰዓት! አያችሁት ተንኮሉን? ሰባት ሰዓት ጫት የሚገባበት ሰዓት ነው። የጫቱ መኪና ጡሩምባ ሲሰማ ይሄ ከተማ ሥራ የሚባለውን ነገር እንደ ሲጋራ ቁራጭ ነው የሚወረውረው። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ የሰው ፊትም አብሮ ይዘጋል፣ እስከ አሥር ሰዓት ወዲያ በቃ።

እኔ ግን ምን ቸገረኝ፣ ገና አምስት ሰዓት አልሞላም። ሱቁ ገባሁ፣ ቅዝቃዜው ፊቴን ዳሰሰኝ፣ ቆርቆሮዋን ከመደርደሪያው ላጥ አደረግኩ፣ ወደ መክፈያው ዞርኩ፣ እና ምን አየሁ? ጋሪ። ሰው አላልኩም፣ ጋሪ! ጋሪዎች እንደ ሰው ተሰልፈው ቆመዋል፣ ባለቤቶቹ የሉም። ባለጋሪው ሁለት ሽንኩርት ጣል ያደርግና ጋሪውን ወረፋ አስይዞ ገበያውን ሊጀምር ይሄዳል። ገበያውን ሊጀምር! እኔ አንዲት ቆርቆሮ አቅፌ፣ ከፊቴ አንድ ሐብሐብ የተሸከመ ጋሪ ቆሞ። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ማን ይግፋው? እኔ! በእግሬ እየገፋሁ፣ የማላውቀው ሰው ሐብሐብ ሞግዚት ሆንኩ።

ታዲያ ጋሪው መክፈያው ጋ ሊደርስ ሲል ባለቤቱ ከች አለ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የደረሰ ሰውዬ።

«ፓርዶን» አለኝና ገባ።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ነኝ እዚህ ያደረስኩት» አልኩት በዚያ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ።

«ላ ፓስዮንስ፣ ሙሴ። ላ ፓስዮንስ» አለኝ ጣቱን ቀስ አድርጎ እያወዛወዘ። ትዕግሥት ይለኛል! የሱን ጋሪ እየገፋሁ የኖርኩትን ሰውዬ ትዕግሥት ይለኛል!

እና ይሄ የትዕግሥት መምህር ይዞት የመጣውን ማንጎ አላስመዘነም። ካሸሯ ማንጎውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው፣ እሱን አየችው፣ «አታንዴ» አለች። አታንዴ ማለት ጠብቁ ማለት ነው፣ እዚህ አገር ሕፃን አፉን የሚፈታበት ቃል ይመስለኛል። ሰውዬው ማንጎውን ይዞ እየተንጎማለለ ሄደ፣ እየተንጎማለለ! ካሸሯ ጥፍሯን ታያለች፣ እኔ ሰዓቱን አያለሁ፣ ሰዓቱ ደግሞ ማንንም አያይም። ስድስት ሰዓት አለፈ። መጣ፣ ከፈለ፣ አይብ ረሳሁ ብሎ ተመለሰ። እኔ ግን ዝም፤ ወንበሩን እያሰብኩ ዝም።

አሁን ተራው የእኔ ነው። የእኔ! ቆርቆሮዋን ላስቀምጥ እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ አንዲት እናት መጡ። ድሪያ የለበሱ፣ እጃቸው ላይ አንዲት ፓኮ ሩዝ ብቻ፣ ሲያስነጥሱ እንኳ ያሳዝናሉ። እንግዲህ ያ አስተዳደግ የሚሉት በሽታ ተነሳብኝ።

«እማማ፣ ይለፉ» አልኩ በተሰባበረችው ሶማሊኛዬ።

«ኧረ ተው የኔ ልጅ…»

«በፍጹም፣ ይለፉ፣ አንዲት ነገር ናት።»

«እደግ! ተባረክ! ወልደህ ሳም!» ብለው በሶማሊኛ መረቁኝና፣ ምርቃቱን ሳይጨርሱ ወደ ኋላ ዞረው ጮኹ፦

«ነዒማ! ኑ፣ ተራችን ደርሷል!»

ወንድሜ ሆይ፣ ሱቁ ሰው ወለደ። ከዘይቱ መደርደሪያ ኋላ አንዷ ጋሪዋን እየነዳች መጣች፣ ከሳሙናው በኩል ሌላዋ፣ አንዱ ጎረምሳ ስኳር በጆንያ ትከሻው ላይ፣ ምራት፣ የምራት እህት፣ ሰርግ አለባቸው ለካ። ሁሉም «እለፍ እስቲ፣ ከእማማ ጋ ነኝ» እያለ በብብቴ ሥር ይሾልካል። ያቺ ሩዝ መልህቅ ነበረች እንጂ ሩዝ አልነበረችም!

እኔም ማን ይሰማኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ በአማርኛ፣ «ይሄ ቤተሰብ ነው ወይስ ቀበሌ?» አልኩ።

እማማ ዞር አሉ። «ቀበሌ ነው አቦ!» አሉኝ ባማረ የድሬዳዋ አማርኛ። «የካርቲየ 3 ሰፈር ቀበሌ ነው። ማኅተም ልምታልህ?»

ቤተሰቡ በሙሉ ሳቀብኝ። እና ሳቁ ሳያልቅ ጡሩምባው ከውጭ አምባረቀ። ጫት ገባ! ካሸሯ እንደ ወታደር ተነሳች፣ ሰንሰለቷን አነሳች፣ ከነዒማ ጋሪ ኋላ፣ ልክ ከእኔ ደረት ፊት፣ ቀጭ አድርጋ ዘጋች። «ፌርሜ!» አለች። ተዘጋ።

«እመቤቴ፣ አንዲት ቆርቆሮ ናት!»

«ፌርሜ።»

«ለሕፃን ነው! የሕፃን ወተት!»

ፊቷን እንኳ አላዞረችም። እማማ ናቸው የዞሩት።

«የማን ሕፃን?»

ነገርኳቸው። ጋሽ ተፈራን፣ ድሬዳዋ ያለችውን አራስ፣ ወንበሩን፣ ሰባት ሰዓቱን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር መሰለኝ፣ ሳቁ ቆመ።

«አቦ ታዲያ አፍ የለህም?» አሉኝ። «ቆመህ በሆድህ ስትሳደብ ከምትውል ‹የሕፃን ወተት ነው› አትልም? አምጣው ወዲህ!» ቆርቆሮዋን ከእጄ ነጥቀው ስኳሩ መሃል ወሸቋት።

ካሸሯ በሶማሊኛ ተቆጣች፣ ይሄ ልጅ ከናንተ ጋር አይደለም ማለቷ ነው። እማማም በዚያው ሶማሊኛ መለሱላት፣ የልጄ ልጅ ነው ብለው። ካሸሯ አንገቴን አየች። ማተቤ እዚያው ተንጠልጥሏል፣ ጥቁር፣ የታወቀ። ማተቡን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ እሳቸው ዓይናቸውን አላሹም።

«ስሙ ማነው?» አለች።

«አብዲ!» አሉ እማማ። «ና አብዲ፣ ምን ይገትርሃል፣ የአያትህን ዕቃ አትሸከምም?»

ተሸከምኩ። ምን ላድርግ፣ አብዲ ከሆንኩ አብዲ ነኝ። ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ያን ሁሉ የሰርግ ዕቃ እያመላለስኩ መኪናቸው ላይ ጫንኩ፣ ሥራዬም እሱው አይደል፣ ያ ጎረምሳ የልጅ ልጃቸው ግን እጁን አጣጥፎ ጫቱን ይመርጣል። በመጨረሻ እማማ ቆርቆሮዋን ሰጡኝና ራሴን ዳሰሱኝ። ገንዘቤንም አልቀበልም አሉ፣ «ለአራሷ ከእኔ ነው» ብለው።

ከዚያ ሚኒባስ። ሚኒባሱ ቆሟል፣ ሰዉ ሞልቷል፣ ሹፌሩ የለም። የት ሄደ? ይሄንንም ትጠይቁኛላችሁ! ጫት ሊገዛ ሄዷል። ወረድኩ፣ በዚያ ፀሐይ ባልባላ ድረስ በእግሬ ነካሁት፣ ሮጥኩ፣ ቆምኩ፣ ረገምኩ፣ ሮጥኩ። ማቆሚያው ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ወንበሩ ሄዷል ብዬ ተስፋ ቆርጬአለሁ፣ ብቻ ቆርቆሮዋን ለሌላ ሹፌር አደራ እሰጣለሁ ብዬ ነው የገባሁት።

መኪናው ግን እዚያው ነው። ጎማው አልተነቃነቀም። ጋሽ ተፈራ ተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ፣ አንድ ጫማውን አውልቆ ተጋድሟል።

«ጋሽዬ! አልሄዱም?»

«ወዴት ልሂድ? መውጫ ወረቀት ሳልይዝ? ወረቀቱ የሚሰጥበት መስኮት ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ በስድስት ሰዓት ዘግቶ ወጣ፣ ጫቴን ልቀበል ብሎ። አሥር ሰዓት ይመለስ ይሆናል።»

«ታዲያ ሰባት ሰዓት ያሉኝ ምን ሊሆን ነው?»

«ሰባት ብዬህ በዘጠኝ መጣህ» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ዘጠኝ ብልህ ኖሮ ነገ ነበር የምትመጣው።»

ቆርቆሮዋን ሰጠሁት። ያን ጊዜ ተነስቶ ተቀመጠ፣ ተቀበለኝ፣ በሸሚዙ ጫፍ ላቤን ከላይዋ ጠረገላት፣ በሁለት እጁ ይዞ አያት። እኔ ደግሞ መታገሥ አልቻልኩም።

«ወንበሩስ፣ ጋሽዬ?»

«ያንተ ነው።»

በደስታ የጋቢናውን በር ይዤ እግሬን ሳነሳ ሸሚዜን ከኋላ ያዘኝ።

«ወዴት ነው? መስኮቱ ፊት ለፊት መሬት ላይ አንድ ድንጋይ አለ፣ ከጠዋት ጀምሮ ወረፋዬን ይዞልኛል። ሂድ፣ እሱን አንሳና በቦታው አንተ ቁም።»