የጅብሪል ዓሦች ስብ

ሽማግሌው ኤልሚ ውሃ የተሞሉ ሰማያዊ ጀሪካኖች በአህያ ጋሪ ጭነው ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ ወዳለው ኩሬያቸው ሲያዘግሙ፣ የጎረቤታቸው የመርሻ ልጅ ሶሲና ከባጃጅ ወርዳ ድንገት አገኘቻቸው። ስለ ዓሣ እርባታ ተምራ የመጣች ልጅ ናት፤ ባለፈው ሳምንት ከኩሬው ሦስት ዓሦች ወስዳ መርምራ ነበር።

ኩሬውን የቆፈረው ልጃቸው ጅብሪል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ ሲሞት ዓሦቹ ለአባቱ ቀሩ። ኤልሚ አርባ ዓመት በበግ ድለላ የኖሩ ናቸውና፣ የዓሣንም ጤና እንደ በግ ላት በጣት እየተጫኑ ይለኩ ነበር።

«አየሻቸው፣ ሶሲዬ? የልጄ ዓሦች ሰብተዋል።»

«ሰብተዋል፣ አደሮ» አለች፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው። «ክፋቱ እሱ ነው።»

ሽማግሌው ስብ የሚጠላ ሰው በጅግጅጋ ገበያ አይተው እንደማያውቁ ተናግረው ሳቁ። ሶሲና ግን አልሳቀችም። ሆዳቸውን ስትከፍት ጉበታቸው ገርጥቶ በስብ እንደተሞላ፣ እንቁላል ግን እንዳጣችባቸው በእርጋታ ነገረቻቸው። ኤልሚ ከልጃቸው ሞት ወዲህ በኩሬው አንድ ግልገል ዓሣ አለማየታቸውን ያን ጊዜ አሰቡ።

«እነዚህ ጀሪካኖች ቀድሞ ምን ነበረባቸው?»

«የአንበጣ መድኃኒት። ግን በአመድ አጥቤያቸዋለሁ።»

«መርዙ ታጥቦ አያልቅም፣ አደሮ። ጥቂት ስለሆነ አይገድላቸውም፤ ያታልላቸዋል። በሰውነት ውስጥ ሆርሞን የሚባል መልእክተኛ አለ። መርዙ እሱን መስሎ ይገባና ‹ስብ አከማች፣ እንቁላል አትጣል› ብሎ ያዛል። የሚያዩት ውፍረት በሽታ ነው። የሚበላቸው ሰውም ከጉዳቱ አይተርፍም ብዬ እፈራለሁ።»

ኤልሚ ጋሪውን ተደገፉ።

«ታዲያ ጅብሪል በእጁ ያመጣቸውን ልቅበራቸው?»

«ጅብሪል ያመጣቸው እንዲበዙ ነበር።»

ከዚህ በኋላ አልተከራከሩም። ጀሪካኖቹን ሌላ ሰው ውሃ እንዳይቀዳባቸው በቢላዋ በሳሷቸው። ዓሦቹን ከውሃ ርቀው ቀበሩ፤ ኩሬው ደርቆ ጭቃው ተጠርጎ ወጣ። በንጹሕ ዕቃ የተቀዳ ውሃ ሲሞላና አዲስ ዓሣ ሲገባበት፣ በዓመቱ ዳር ዳሩን ግልገሎች ፈሰሱ። ለመድኃኒት ዕቃ መጠንቀቅ ለዓሣው ዘር፣ ለጎረቤት ልጆችም ጤና ሆነ።

ኤልሚ ከልማድ የተነሣ ጣታቸውን ወደ ውሃው ዘረጉ፤ ሳይነኩ ግን መለሱት።

«ቀጫጭን ናቸው» አሉ ለሶሲና፤ በዕድሜያቸው ይህን ቃል ለምስጋና ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያም ግልገሎቹን እያዩ አከሉ። «ጅብሪል ግን እነዚህን አያውቃቸውም።»