በምራቂ የተሰጠው ፋይል ማኔጀር

ታክሲው ከመርካቶ ሳይወጣ፣ ከፊቴ ላፕቶፕ ያቀፈች ሴት ከጎኗ ያለውን ሰውዬ አናገረችው።

«ወንድሜ፣ ኮምፒውተር ታውቃለህ? የሟች ባሌ ፎቶ ጠፋብኝ።»

«በምን አጠፋሽው?»

«ላፕቶፑን ዱባይ ተራ ስገዛ ባለሱቁ ምራቂ ብሎ በጫነልኝ ፎቶና ፋይል በሚያስተካክል ፋይል ማኔጀር።»

«ምራቂ ለሽንኩርት ነው እህቴ! ኮምፒውተሩ የራሱ እያለው?»

«ይሄኛው የተደገመ ፎቶ ያጸዳል አለኛ።»

«በኮምፒውተሩ በራሱ ብታጠፊው እኮ መጣያው ውስጥ ይቆይልሽ ነበር። መጣያውን አየሽው?»

«ባዶ ነው።»

«ከተደገመው አንዱስ?»

«ሁለት ሁለት አድርጎ ቢያሳየኝ ሁለቱንም ነካሁ።»

«በይ አሁን አትክፈቺው፤ በጠፋው ቦታ ሌላ እንዳይገባበት ምንም ሳትጨምሪበት ባለሙያ ጋ ውሰጂው።»

«ይገኛል?»

«እሱን እንጃ።»

አረብ አገር ያለችው ልጄ የላከችልኝ ድምፅ ያለበት ስልኬ ጉያዬ ውስጥ ቢጮህም፣ ድምፁን እንዳላጠፋው ብዬ ሳልነካው ወረድኩ።