ጠርዙ የሚያበራው ጎማ

እንደምን ዋልክ ጎሚስታው? ሰማዩ ዛሬም እንዳኮረፈ ነው። ጠዋት ሊዘንብ መስሎ ተወው። ጉልበትህስ እንዴት ነው? የኔ ጉልበት ዝናብን ከሬዲዮ ቀድሞ ይናገራል። ከሰውነቴ ቶሎ የሚደርስ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ሞተሬን በሩ ጋ አቁሜያታለሁ። አዎ፣ አሁንም ያችው ናት። ሳቅ፣ ግዴለህም። የሥራ ቤታችን ሰዎች “ቀብር ሸኚው” ነው የሚሉኝ። ከኋላዬ የሚሰለፈውን መኪና ያየ ሰው እውነትም ከፊቴ ሬሳ ያለ ይመስለዋል። ባለፈው ሰሞን ዳገቱ ላይ አንድ ብስክሌተኛ አለፈኝ። ሽማግሌ ናቸው። ሲያልፉኝ ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሡኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እኔን እንቁላሉም ቀድሞኛል።

ይሄ? ይሄ በራሱ ሞተር አብሮኝ የመጣው የታናሽ እህቴ እጮኛ ነው። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነው የምንውለው። እኔ መጋዙ ላይ፣ እሱ ማለስለሻ ክፍል። ጠረጴዛ አለስልሶ ሲጨርስ ዝንብ አታርፍበትም፣ ያዳልጣታል። ጎማ ልገዛ ነውና ምከረኝ ብዬ ይዤው መጣሁ። አግዳሚው ላይ ይቀመጥ፣ ስልኩን ይይ፣ አንረብሸው። እሁድ እህቴን አፈናጥጦ ተራራውን ሊያሻግራት ነው፣ እናቱ ዘንድ ሊያስተዋውቃት። ረጅም መንገድ ነው። ቁልቁለቱን ታውቀዋለህ...

እኛ እንጫወት። ምናልባት በጨዋታ መሐል አንድ የማውቀውን ሰው አነሣብህ ይሆናል። እሱን ነው እንዳትል። እሱን ማን ደፍሮ?

በል ጎማ አሳየኝ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት የሚያመላልሰኝ። ደግሞም መንገዱ ጭር ሲል፣ ኩርባው ሲያምር፣ ፈጠን ብል የማይከዳኝ። አትሳቅ እንጂ። ፈጠን ስልህ በሰው ሚዛን አይደለም። ከሚነዳ የላም መንጋ ቀድሜ ከገባሁ ለኔ ውድድር ነው።

ይሄኛው ጠንካራ ነው። ጥፍር አይገባውም። ዘመን ይሠራል ትለኛለህ። ለቀጥታ መንገድ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው። ኩርባ ላይ፣ ያውም ሲረጥብ፣ እምነት አይጣልበትም... ያኛውስ? ለስላሳ ነው፣ ሲሞቅ አስፋልቱን እንደ ሙጫ ይይዛል። ግን ቶሎ ያልቃል። በቀጥታ መንገድ ብቻ ከተመላለሱበት መሐሉ ተበልቶ ያልቅና ጠርዙ እንደ አዲስ ይቀራል። የውድድር ጎማ ገዝቶ ከቤት ሥራ ቤት የሚመላለስበት ሰው አለ ይሉኛል። አለ እንዴ? እኔማ በወሬ ነው የሰማሁት።

ሦስተኛውን አምጣው እስቲ። መሐሉ ጠንካራ፣ ጠርዙ ለስላሳ... ይሄ ደስ ይላል። ለየቀኑ ኑሮ የማያልቅ፣ ሲያጋድሉት ደግሞ የሚይዝ። ሰውም እንዲህ ተደርጎ ቢሠራ ምን ነበረበት? እኛ የተገላቢጦሽ ነን፣ ጠርዛችን ድንጋይ፣ መሐላችን ሊጥ። ስለ ራሴ ነው የማወራው። ሌላ ሰው ካመመው ምን ላድርገው?

እኔ በልጅነቴ ጎማ ምረጥ የሚለኝ ሰው አልነበረም። እናታችን ስትሞት እህቴ ገና እግሯ አልጠናም። የነበረችን አንዲት ብስክሌት ናት። ካላማዳሪያዋ፣ ነፋስ የሚይዘው የውስጥ ጎማዋ፣ ከመለጠፍ ብዛት ራሷ ልጣፍ ሆነች። በኋላ ነፋስ አልቀበልም ስትል ጎማውን ጨርቅ ጠቀጠቅሁበት። የናታችን ቀሚስም እዚያው ገባ። ሌላ ጨርቅ አልነበረንም።

ጨርቅ የሞላው ጎማ ሲሄድ ድምፅ አለው፣ ቱፍ ቱፍ ቱፍ ይላል። እህቴን ከኋላዬ በገመድ አስሬ ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ። ድምፁን እየሰማች ጀርባዬ ላይ ትተኛለች። ጣልኳት? አልጣልኳትም። ከዚያ ጎማ ጋር መፍጠን ቢፈልጉም አይቻልም። ሰዎች ጥንቃቄ ይሉታል፣ እኔ ድህነት ነው የምለው።

ጎረምሳ ስሆን ዳቦ ማመላለስ ጀመርኩ። ሞተሩ የባለቤቱ፣ ጎማው ሸራው የወጣ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለውን ኩርባ ታውቀዋለህ? ዝናብ ነበር። ዳቦው መንገድ ላይ ተበተነ፣ እኔ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ሰው ተሯሩጦ መጣ። መጀመሪያ ያነሡት ዳቦውን ነው። አልፈርድባቸውም፣ ከኔ ይልቅ እሱ ትኩስ ነበር። ጉልበቴ እዚያ ቀረ፣ ድፍረቴም አብሮት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኩርባ ባየሁ ቁጥር ወርጄ ልግፋት ወይስ ልንዳት ብዬ ከራሴ ጋር እማከራለሁ። እስክወስን ኩርባው ያልቃል።

ለዚህ ነው ነገርን ከሥሩ፣ ጎማን ከጠርዙ የምለው። አዲስ ጎማ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን የጎማ ፀጉር የለውም? ኩርባ ላይ የሚያጋድል ሰው ያረግፈዋል። የሚፈራ ሰው ጎማው አርጅቶ እስኪጣል ፀጉሩ አብሮት ይኖራል። ሂድና የኔን ተመልከት። ሹሩባ ይሠራል።

ያ የማውቀው ሰው ግን ሌላ ነው። ጀግና ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ኩርባዎቹን አንድ በአንድ ይተርክልናል። እዚህ ጋ ጉልበቴ አስፋልት ነካ፣ እዚያ ጋ ክርኔ ነካ። ጆሮዬ ነካ የሚልበትን ቀን እየጠበቅሁ ነው። ልብሱን አያለሁ፣ አንዲት ጭረት የለችበትም። ምን ያለ ጨዋ አስፋልት ነው? እኔን አንድ ቀን ቢነካኝ ቆዳዬን ይዞት ቀረ። ሰው እያየ ነው የሚልጠው ማለት ነው።

ታዲያ ምቀኛ መቼ ይጠፋል? የማለስለሻ ክፍል ሰዎች የቆመ ሞተሩን ጎማ አዩና “ፀጉሩ እኮ ሙሉ ነው” ብለው ተሳሳቁ። እጮኛው በሩ ላይ ነበረች። እጮኛ አለው፣ እጮኛ መቼም ማንም ሊኖረው ይችላል። ሰማች። ጎማውን ብቻ አየችው። አንዳንድ ሴት ዝም ስትል ከስድብ ይብሳል። እኔ ያሳደግኋት አንዲት እንደዚያ ናት...

ጀግና ይሄን እንዴት ይችላል? በነጋታው ብርጭቆ ወረቀት ፈለገ። ከኔ ነው የወሰደው። “ጋሼ፣ ለመሳቢያ ነው፣ አልዘጋ ብሎኝ” አለኝ። ሰጠሁት። ከሻካራውም፣ ከመካከለኛውም፣ ከደቃቁም። የማን መሳቢያ ይሆን እንዲህ የሚሞሸረው ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ ምን አግብቶኝ?

ሰኞ መጣ። ፀጉሩ የለም። ጠርዙ እስከ ጫፉ ድረስ ተፍቋል። ሰው ሁሉ ከብቦ አደነቀ። “እስከ ጫፍ አጋድሎታል” አሉ። እኔም አደነቅሁ፣ ግን በሌላ በኩል። መንገድ የፋቀው ጎማ ጭረቱ ወደሚሽከረከርበት ይሄዳል አይደል? የሱ ጭረት ተሻግሮ ነው የሚሄደው፣ ልክ የሰው እጅ ሲመላለስ። መንገዱ በዚያ ሰሞን አቅጣጫ ቀይሮ ይሆናል።

እሱስ ባልከፋ ነበር። ሰው ፀጉሩን ቢላጭ ማን ምን ይለዋል? ነገሩ እጅ የለመደውን አለመተዉ ነው። ማለስለስ የለመደ እጅ ሻካራ ነገር ትቶ አይነሣም። በሻካራው ጀመረ፣ በመካከለኛው አለዘበ፣ በደቃቁ ጨረሰ። ጨርሶም ቢያቆም ጥሩ ነበር... እጁ በልማድ ወደ ዘይቱ ጣሳ ሄደ። እኛ ቤት ለስልሶ ዘይት ሳይጠጣ የሚወጣ ሥራ የለማ! በጨርቅ ነክሮ ወለወለው። ጎማውን፣ የሞተር ጎማ። የምግብ ጠረጴዛ ይመስል።

እንዴት አወቅህ ትለኛለህ? ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ሳስር ሸተተኝ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር ያደረግሁት፣ እሱን ተወው። ያን የእንጨት ዘይት ስሸተው ኖሬያለሁ። ፀሐይ ሲያርፍበት ጠርዙ ዓይን ያጭበረብራል። ከጎኑ ሆነህ ፂምህን መላጨት ትችላለህ። እንዲህ ያለ የጠራ ሥራ አይቼ አላውቅም፤ በሙያው እንከን አይወጣለትም።

እስቲ ጎማ የምታውቅ አንተ ነህና ልጠይቅህ። ፀጉር ያለው ጎማ የፈሪ ነው፣ ፈሪ ደግሞ ቤቱ ይገባል። ዘይት የጠጣ ጠርዝስ የማን ነው? ሰውየው መቼም በቀጥታ መንገድ ሲመላለስ ጠርዙ መሬት አይነካም፣ ችግር የለም። ግን ቁልቁለቱ ላይ፣ ኩርባው ላይ፣ ከኋላው የተፈናጠጠችው “እስቲ እንደዚያ እንደምታወራው አጋድላት” ብትለውስ? ጀግና ነው፣ እምቢ አይልም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያጋድል የሚችለው ያኔ ነው... በዘይት ላይ። እሷን ይዞ።

እኔን ሁሉ ነገር ያስፈራኛል፣ እሱን ታውቃለህ። ጥላዬም ከኔ ፈጥኖ ሲሄድ ደንግጬ አውቃለሁ። ይሄ ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

ለምን በግልጽ አትነግረውም? ምን ብዬ? ቀርፋፋ ሰው ስለ ፍጥነት ሲመክር ማን ሰምቶ ያውቃል? ለእጮኛው ልንገራት እንዴ? ትስቃለች። ባሏ ላይ አንዴ የሳቀች ሴት ሳቋን ለመመለስ ዕድሜ ይፈጅባታል። እኔ ጎጆ ላፈርስ አይደለም የመጣሁት፣ ጎማ ልገዛ ነው። ስለዚህ አልነገርኩህም፣ አልሰማህም። አግዳሚው ላይ ያለውም ስልኩን ነው የሚያየው... ስልኩ ከጠፋ ቆይቷል መሰለኝ፣ ግን እያየው ነው።

ለመሆኑ ዘይት የጠጣ ጎማ በሳሙና ቢታጠብ ይድናል? ራስህን አትነቅንቅ፣ እኔ በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አልሰማም። ጮክ ብለህ ንገረኝ... አይድንም። እንደዚያ ከሆነ አይድንም። ሰማሁ። የሰማ ሁሉ ሰማ።

በል ይሄን መሐሉ ጠንካራ ጠርዙ ለስላሳውን ለኔ ግጠምልኝ። ከዚሁ ዓይነት ሌላ ጥንድ ደግሞ ለይተህ አስቀምጥ፣ ለትልቅ ሞተር ልክ የሚሆን። ለማን? ለማንም። የሠርግ ስጦታ በለው። ሰው ሳህን ይሰጣል፣ እኔ ጎማ ብሰጥ ምን አለበት? ሳህን ላይ ማንም ተፈናጥጦ ተራራ አይወጣም። የፊቱንም የኋላውንም ነው የምልህ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ መንገድ ላይ ይጣላሉ። ነፋሱን ለሁለት ሰው አድርገህ ሙላ። ሰውየው የራሱ ነፋስ ይበቃዋል ብለህ እንዳትቀንስ። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ያዳልጣል አይደል? እስኪፋቅ ቀስ ማለት ነው። ቀስ ማለት የሚማር ካለ እኔ አለሁ፣ በዚህ ሙያ እኔን የሚያክል መምህር አታገኝም። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል። እኔ ከመጠምዘዝም ይቅደም እላለሁ።

ምንድን ነው የሚንኳኳው? ዞር አትበል፣ የኔን ቡሎን ፍታ። አንድ ሰው ሞተሩን እየገፋ ወደ ውስጥ እያስገባ ነው መሰለኝ... ሳያስነሣ፣ በእጁ። አየህ? ማንም ምንም ሳይለው። አስተዋይ ሰው በራሱ ይገባዋል፣ ጉትጎታ አያስፈልገውም። ቦታ ልቀቅለት። መብራቱን ግን ወደዚያ አታዙር፣ ጠርዙ ዓይን ይወጋል። የወለቀውንም ጎማ ሰው በማያይበት አድርግልኝ፤ እህቴ እዚህ ልታገኘን እየመጣች ነው። ማን ነው የለወጠው ካለች ወንድምሽ ፈሪ ነው፣ አስገድዶት ነው በላት። በኔ አለፈ ማለት ነው። በኔ ላይ ብዙ አልፏል፣ አንድ ቢጨመር አይከብድም።

እስኪገጠም ልመርቅ። የእህቴን እጮኛ አይደለም፣ እሱ ምን ጎድሎት? ያን የማውቀውን ሰው ነው።

ዕድሜ ይስጠው። ወገቡን ይዛ ከኋላው የምትቀመጠው እንቅልፍ ይውሰዳት፣ እንደ ድሮዋ። ተራራውን ሲወጣም ሲወርድም ብስክሌት ይለፈው፣ ሽማግሌ ባርኔጣ ያንሣለት። የዚህ ጎማ መሐሉ አልቆ ሸራው እስኪወጣ ድረስ የጠርዙ ፀጉር አይርገፍበት፣ ልጅ ወልዶ ልጁ ሹሩባ ትሥራው። ሲያወራ የሚያምነው አይጣ፣ ከሚያምኑትም እሷ ትቅደም። ዘይቱን ይንሣው... ብርጭቆ ወረቀቱን ግን፣ እስከ ሽበቱ ድረስ፣ እግዜር አያሳጣው።